የቢትኮይን ኤቲኤም መታወቂያ ሲጠይቅ፦ የሐበሻ ስም፣ የልደት ቀንና የሰው ዋሌት

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ሰላም ጀመዓ። ውጭ ዘመድ ያለው ሁሉ ሰሞኑን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነውና መልሱ እዚህ ቢሰበሰብ ይሻላል ብዬ ነው። አሜሪካ ወይም ካናዳ ያለው ልጅ «ሰፈሬ የቢትኮይን ኤቲኤም ተተክሏል፤ ዋሌት (ኮይኑ የሚቀመጥበት የስልክ መተግበሪያ) ክፈቱና የአድራሻውን ኪውአር ላኩልኝ፣ ካሽ አስገብቼ እልካለሁ» ይላል። ማሽኑ ጋ ሲደርስ መታወቂያ ይጠየቃል። አንዳንዱ ከዚያው ይመለሳል፣ አንዳንዱ ዶላሩን ካስገባ በኋላ ይያዝበታል።

ለመሆኑ ማሽኑ በስንት ዶላር ላይ ምን ይጠይቃል? የእኛን ፓስፖርት ለምን አላነብም ይላል? ደሴ ያለ ሰው የላከውን ኪውአር ስካን ማድረግስ ይፈቀዳል? ኮይኑን ወደ ካሽ ለመመለስስ? እኛ ከተማ ማሽኑ ስለሌለ ነገሩ ሁሉ በወሬ ሆነ። የምታውቁ በዝርዝር ጻፉ፤ «በውስጥ አናግረኝ» የሚል ግን አይምጣ።

የቦርከና_ልጅ (ኮምቦልቻ)

ከማሽኑ ምንነት ልጀምር። ኤቲኤም ይባል እንጂ ከማንም የባንክ ሒሳብ ጋር አልተያያዘም፤ ካሽ ተቀብሎ ከባለቤቱ ክምችት ኮይን የሚልክ መመንዘሪያ ነው። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ባለቤቱ እንደ ሐዋላ ቤት ይቆጠራል። ፊንሰን በሚባለው የግምጃ ቤቱ መሥሪያ ቤት መመዝገብ፣ ደንበኛውን መለየትና መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር የ2013ቱ መመሪያ ክሪፕቶ (እንደ ቢትኮይን ያለ ዲጂታል ገንዘብ) መንዛሪዎችን ወደዚህ አስገባ፣ የ2019ኙ ደግሞ ማሽኖቹን ለይቶ ጠቀሰ። መታወቂያ የሚጠየቀው ይህን ግዴታ ለመወጣት እንጂ የአስገቢውን ገንዘብ ለመጠበቅ አይደለም። ይህ ያልገባው ሰው በኋላ «መታወቂያዬን አይቷል እኮ፣ ገንዘቤን ይመልስልኝ» ይላል። አይመልስም።

ሂደቱ እንዲህ ነው። መግዛት ወይም መሸጥ ይመረጣል፣ ስልክ ቁጥር ይገባል፣ በኤስኤምኤስ የመጣው ኮድ ይጻፋል። በኢንተርኔት የሚወሰዱ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ የሚፈለገው ከሲም ካርድ ጋር የተያያዘ ቁጥር ነው። ከዚያ መታወቂያ። የአሜሪካ መንጃ ፈቃድ ከሆነ ከፊቱ ይልቅ ጀርባው ላይ ያለው ጥቅጥቅ ያለ ባርኮድ ነው ዋናው፤ ስሙ፣ አድራሻው፣ የልደት ቀኑና የሚያበቃበት ቀን እዚያ ውስጥ አለ። ባርኮዱ ከተፋቀ ፊቱ አዲስ ቢመስልም አይረዳም። ቀጥሎ ሰልፊ፣ ቀጥሎ የዋሌቱ ኪውአር፣ ዶላሩ መጨረሻ ላይ አንድ በአንድ።

መጠኑን በተመለከተ፣ እርከኑን እያንዳንዱ ድርጅት ራሱ ነው የሚያወጣው። በትንሽ መጠን ስልክና ስም ብቻ የሚበቃው አለ፣ ከአንድ ዶላር ጀምሮ መታወቂያ የሚለውም አለ። ከፍ ሲል የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ ሥራና የገንዘቡ ምንጭ ይጨመራል። ሕጉ ያስቀመጠው ወለል ግን አለ፦ 3,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲላለፍ የላኪው ማንነት ይመዘገባል፤ በአንድ ቀን ከ10,000 ዶላር በላይ ካሽ ከገባ ለመንግሥት ሪፖርት ይደረጋል፤ አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ 2,000 ዶላርም ያስጠቁማል። ካሊፎርኒያ ከ2024 መጀመሪያ አንስቶ ለአንድ ደንበኛ በቀን 1,000 ዶላር ብቻ ትፈቅዳለች። ካናዳ ከ1,000 የካናዳ ዶላር ጀምሮ ማንነት ማረጋገጥ ግዴታ ነው፤ በ24 ሰዓት ውስጥ 10,000 የሞላ ካሽ ለፊንትራክ፣ ለካናዳው የገንዘብ ዝውውር ተከታታይ መሥሪያ ቤት፣ ይነገራል።

ኮቦ_በር (ቆቦ)

ታዲያ ምን ያስጨንቃል፣ በሦስት ማሽን ዘጠኝ ዘጠኝ መቶ ከፋፍሎ ማስገባት ነው።

የቦርከና_ልጅ (ኮምቦልቻ)

ኧረ አቦ! ሪፖርት ለመሸሽ ብሎ ካሽ መከፋፈል አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ገንዘቡ በላብ የተገኘ ቢሆንም። ማሽኖቹም አይለያዩም፦ አንድ ድርጅት በመቶዎች የሚቆጠሩ ማሽኖች ሊኖሩት ይችላል፣ ስልክ ቁጥሩንና መታወቂያውን ግን አንድ ቋት ላይ ነው የሚደምረው። ሦስተኛው ማሽን ላይ ሲዘጋ «ተበላሸ» ይባላል። አልተበላሸም፣ ደምሮ ነው።

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)

የፓስፖርቱን ነገር ለእኔ ተዉት።

ማሽኑ ፓስፖርት እንደ ሰው አያነብም። የሚፈልገው ከፎቶው ገጽ ግርጌ ያሉትን ሁለት መስመሮች ነው፤ እያንዳንዳቸው 44 ምልክት አላቸው። የላይኛው አገሩንና ስሙን፣ የታችኛው የፓስፖርቱን ቁጥር፣ የልደት ቀኑን፣ ጾታውንና የሚያበቃበትን ቀን ይይዛል። ከቁጥሩና ከእያንዳንዱ ቀን ኋላ አንድ አንድ መፈተሻ አሃዝ አለ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ አሃዞቹ በተራ በ7፣ በ3፣ በ1፣ እንደገና በ7፣ በ3፣ በ1 ይባዛሉ፣ ይደመራሉ፣ ድምሩ ለ10 ተካፍሎ የሚተርፈው ይጻፋል።

ለምሳሌ ጃንዋሪ 3 1993 የተወለደ ሰው 930103 ተብሎ ይጻፋል፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን። 63፣ 9፣ 0፣ 7፣ 0፣ 3 ሲደመር 82፤ መፈተሻው 2። አሁን የጣሪያው መብራት ፕላስቲኩ ላይ አብርቶ ካሜራው የመጀመሪያውን 3 «8» ብሎ ቢያነብ ድምሩ 97 ይሆናል፣ መፈተሻው 7 መሆን ነበረበት፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን 2 ነው። ማሽኑ «ሰነዱ አልተነበበም» ይላል። ሰውየው ፓስፖርቴን ፎርጅድ አሉት ብሎ ይቆጣል፣ ጥፋቱ የመብራቱ ነው። መፍትሔው፦ ልባሱን አውጥቶ፣ ገጹን ሙሉ በሙሉ ዘርግቶ፣ ጣት ታችኛው መስመር ላይ ሳያሳርፉ፣ ትንሽ አዘንብሎ መያዝ። ያ ገጽ ከታጠፈ ወይም ውሃ ከነካው ግን ድካም ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ስም ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ፓስፖርቱ ላይ ብዙ ጊዜ የአያት ስም የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ይገባል፣ የራስና የአባት አንድ ላይ ይሆናሉ። አሜሪካ ሲደረስ ግን የመንጃ ፈቃዱ መዝጋቢ የአባትን ስም የመጨረሻ አድርጎ የአያቱን ይተወዋል። ሰው በፓስፖርት ተመዝግቦ በሌላ ቀን በመንጃ ፈቃድ ቢመጣ ሥርዓቱ ሁለት ሰው አድርጎ ይቆጥረዋል፣ ሁለቱንም ያግዳል። ወሎ ላይ ደግሞ ሙሐመድ አለ! በ«ኦ» የተጻፈ፣ በ«ዩ» የተጻፈ፣ በአንድ ኤም፣ በሁለት ኤም፣ በ«ኢ» የሚያልቅ፣ በ«ኤ» የሚያልቅ። ዋናው ደንብ አንድ ነው፦ የሚገባው ስም በጆሮ ሳይሆን ሰነዱ ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል ተቀድቶ ነው። አንድ ሰነድ ተመርጦም በዚያው ይጸናል።

ሦስተኛው የልደት ቀን። «ሰባት ዓመት ጨምር» የሚለው ዘዴ ብዙ ሰው አሳስቷል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1985 የተወለደ በፈረንጅ ዲሴምበር 29 1992 ነው፤ ታኅሣሥ 25 የተወለደው ጃንዋሪ 3 1993። በአምስት ቀን ልዩነት አንዱ ሰባት አንዱ ስምንት ይጨምራል፣ ምክንያቱም የፈረንጁ ዓመት መሐል ላይ ይለወጣል። ወሩንና ቀኑን ሳይነኩ ዓመቱን ብቻ መለወጥም ሌላው ስሕተት ነው። በዚያ ላይ አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ 01/03/1993 ለእነሱ ጃንዋሪ 3 ነው፣ ለእኛ ሰው ማርች 1። ፎርሙ ላይ የሚጻፈው ከሰነዱ ጋር ካልገጠመ በእጅ ወደሚመረመር ወረፋ ይገባል፤ ያ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ አይሠራም ይሆናል።

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

ማሻአላህ፣ ይህን ማተም ነው ያለብኝ። ፋይዳና የቀበሌ መታወቂያስ? ሒጃብ የምታደርግ ሰውስ ሰልፊው ላይ አውልቂ ትባላለች?

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)

የቀበሌው አይሆንም፤ ማሽኑ የሚቀበላቸው ሰነዶች ዝርዝር አለው፣ በእጅ የተሞላ ካርድ እዚያ ውስጥ የለም። ፋይዳ ደግሞ የሚረጋገጠው በአገር ውስጥ ሥርዓት ነው፣ የአትላንታ ማሽን ከዚያ ጋር አልተገናኘም። ባለ 12 አሃዙን ቁጥር ለዚህ ጉዳይ ብሎ መላክ ትርፉ ቁጥሩን መበተን ነው። ውጭ ላለ ሰው ፓስፖርት ወይም የሚኖርበት አገር የሰጠው መታወቂያ ብቻ።

ሒጃብ አያስወልቅም። የሚፈለገው ከግንባር እስከ አገጭ ያለው የፊት ቅርጽ ነው። መነጽር፣ ማስክ፣ የፊት ጥላና ከኋላ የሚመጣ የመስኮት ብርሃን ናቸው የሚያስወድቁት። «ዓይን ጨፍን፣ ወደ ግራ ዙር» ሲል ሕያው ሰው መሆኑን እያየ ነው፤ ቀስ ብሎ መዞር።

ጋሽ_ባቲ (ባቲ)

ወደ ዋናው ልግባ፤ ሁላችሁም ዳር ዳሩን እየዞራችሁ ነው። ልጁ አትላንታ፣ ዋሌቱ ደሴ። ብዙዎቹ ማሽኖች ኪውአሩን ካነበቡ በኋላ «ይህ ዋሌት የራስህ ነው? ሌላ ሰው ኪውአሩን ልኮልህ ነው?» ብለው በትልቁ ይጽፋሉ። ለጌጥ አይደለም። አጭበርባሪዎች የሚጠቀሙት መንገድ በትክክል ይኸው ነው፦ የግብር መሥሪያ ቤት ነን፣ ባንክህ ነን፣ ፖሊስ ነን ብለው ይደውላሉ፣ ኪውአር ይልካሉ፣ አዛውንቱ ካሽ ያስገባሉ። ለአሜሪካው ኤፍቢአይ በ2024 ብቻ እነዚህን ማሽኖች የተመለከተ ወደ 11,000 የሚጠጋ አቤቱታ ቀርቧል፣ የጠፋው ገንዘብ ወደ 247 ሚሊዮን ዶላር ነው። ስለዚህ «የራሴ አይደለም» ብሎ እውነቱን የተናገረ ብዙ ጊዜ ይቆማል፤ «የራሴ ነው» ብሎ የዋሸ ደግሞ በኋላ ቢጣላ ክርክሩን በገዛ ፊርማው ዘግቷል።

ሌላም አለ። አንድ ዋሌት አድራሻ ከአንድ ደንበኛ ጋር ይታሰራል። የደሴዋ እናት አንድ ኪውአር ለአምስት ልጆች ብትልክ፣ አምስት ስም ወደ አንድ አድራሻ ሲከፍል ሥርዓቱ የሚያየው ልጆቿን ሳይሆን ገንዘብ ሰብሳቢ ነው። አድራሻው ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል።

አገባቡ፦ ገዢው በራሱ ስም፣ በራሱ ስልክ፣ ወደ ራሱ ዋሌት ይግዛ። ከዚያ ወዲያ ያለው የራሱ ውሳኔ ነው። ኪውአሩንም ከዋሌቱ ላይ በቀጥታ ያሳይ፣ በቴሌግራም የተላከ ፎቶ አይጠቀም። ስካን ካደረገ በኋላ የመጀመሪያዎቹንና የመጨረሻዎቹን አምስት አምስት ምልክቶች ያመሳክር። የቢትኮይን አድራሻ በ«ቢሲ1»፣ በ1 ወይም በ3 ይጀምራል፤ በ«ቲ» የሚጀምረው የትሮን፣ የሌላ ኔትወርክ ነው፣ ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ኮይን) ለሚልክ። ይህን ማምታታት መታወቂያ አያድነውም።

ወልድያ_ኔት (ወልድያ)

ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ ሒሳቡን ልጨምር፣ ምክንያቱም ክፍያው ስክሪኑ ላይ እንደ ክፍያ አይታይም፤ ዋጋው ውስጥ ነው የሚደበቀው። ገበያ ላይ አንድ ቢትኮይን 100,000 ዶላር ነው እንበል፣ ማሽኑ 118,000 ይላል። 500 ዶላር የሚያስገባ 0.004237 ያገኛል፤ በገበያ ዋጋ 423.70 ዶላር ገደማ። ወደ 76 ዶላር ሄዷል። አንዳንዱ ከዚህ ሌላ የኔትወርክ ክፍያ ብሎ ጥቂት ዶላር ያነሳል። ካሊፎርኒያ ከ2025 ጀምሮ ክፍያው ከ5 ዶላር ወይም ከ15 በመቶ፣ ከሁለቱ ከሚበልጠው፣ እንዳይዘል ወስናለች። 15 በመቶ «ጣሪያ» ሲሆን አስቡት!

እንግዲህ የደሴው ተቀባይ ኮይኑን ወደ ብር ሲለውጥ ሌላ ቅናሽ ሊኖር ይችላል። ሁለቱ ተደምሮ ብዙ ጊዜ በሐዋላ ከሚከፈለው ይበልጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የባንክ ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ሆኗል፤ ይህን ያህል ዙሮ ዙሮ የሚገኘው ትርፍ የት እንዳለ የሚያሳየኝ ሰው ይምጣ።

ኮቦ_በር (ቆቦ)

መሸጥስ? አንዱ ኮይን አለውና እዚያው አሜሪካ ካሽ ማውጣት ቢፈልግ።

ወልድያ_ኔት (ወልድያ)

ሁሉም ማሽን ላይ መሸጥ አይቻልም። ብዙው ካሽ መቀበል ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ከመሄድ በፊት በድርጅቱ ካርታ ላይ በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ መሆኑን ማየት ነው። መታወቂያው ተመሳሳይ ነው፣ አንዳንዴም የበለጠ ጥብቅ ይሆናል፣ ምክንያቱም ድርጅቱ ኮይኑ ከየት እንደመጣ ይመረምራል። ከጠለፋ ወይም የኮይን መነሻ ከሚሰውር መደባለቂያ አገልግሎት ጋር የተነካካ ከሆነ ሊያዝ ይችላል።

አሠራሩ፦ ማሽኑ የራሱን ኪውአር ያሳያል፣ ሻጩ ትክክለኛውን መጠን ይልካል፣ ድርጅቱ በብሎክቼይኑ (የዝውውሮቹ የጋራ መዝገብ) ላይ እስኪጸድቅ ይጠብቃል፣ ከዚያ ካሹን ያወጣል። የቢትኮይን አንድ ብሎክ፣ ማለትም አንድ ላይ የሚጸድቅ የዝውውር ጥቅል፣ በአማካይ 10 ደቂቃ ይወስዳል፤ በአማካይ ማለት ግን 2 ደቂቃም 40 ደቂቃም ሊሆን ይችላል። የሚበላሸው እዚህ ነው። ሰው የኔትወርክ ክፍያውን አሳንሶ ይልካል፣ ዝውውሩ ይንጠለጠላል፣ ማሽኑ የያዘለት ዋጋ ጊዜው ያልፋል፣ ክፍያው ይሰረዛል፤ ኮይኑ ግን ከሰዓታት በኋላ ይደርሳል። ያኔ በሰው እጅ ነው የሚፈታው። ሁለተኛው ስሕተት መጠኑ ነው፦ ኮይኑ ኤክስቼንጅ (የኮይን መገበያያ ድርጅት) ላይ ያለ ሰው 200 ዶላር ላክ ሲል የማውጫ ክፍያው ተቀንሶ 196 ይደርሳል፣ ማሽኑ «ጎደለ» ይላል። ከራስ ዋሌት፣ የተነሣው ሳይሆን የሚደርሰው መጠን ማሽኑ ከጠየቀው ጋር እኩል እንዲሆን አድርጎ መላክ ነው።

ሰኞ_ገበያ (ደሴ)

እንግሊዝ ያለ ዘመድ የላከልኝ ፎቶ ላይ ግን ማሽኑ መታወቂያ አይጠይቅም ይላል። ይሻላል ማለት ነው?

የቦርከና_ልጅ (ኮምቦልቻ)

እንግሊዝ ውስጥ ሕጋዊ የሆነ ማሽን የለም። የፋይናንስ ተቆጣጣሪው በማርች 2022 አንድም ፈቃድ ያለው ስለሌለ ሁሉም እንዲዘጉ አዟል። አሁን ቆሞ የሚገኝ ካለ ተደብቆ የሚሠራ ነው፤ መታወቂያ ያልጠየቀው በደግነት አይደለም። ጀርመንም በኦገስት 2024 ያለ ፈቃድ የሚሠሩ 13 ማሽኖችን ከነካሻቸው ወደ 250,000 ዩሮ ወርሳለች። እንዲህ ያለ ማሽን ውስጥ ገንዘብ ያስገባ ሰው የሚከሰው አካል አያገኝም።

ጋሽ_ባቲ (ባቲ)

አንድ ነገር ስለ አገር ቤቱም ይነገር። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶ መገበያየት እንዳልተፈቀደ፣ የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር መሆኑን ተናግሯል። ተቀባዩ ኮይኑን ለማያውቀው ሰው ሸጦ ብር ሒሳቡ ላይ ሲያስገባ፣ ያ ብር የተሰረቀ ከሆነ ሒሳቡ የሚታገደው የእሱ ነው። «ከየት መጣ?» ሲባል የሚያሳየው ደረሰኝ የለውም፤ ቢኖረውም የሚያሳየው ያልተፈቀደ ግብይት ነው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ እዚሁ እየተስፋፋ ያለው ነው። ቴሌግራም ላይ «ፓስፖርትና ሰልፊ ያለው፣ አካውንት ቬሪፋይ አድርጎ ለሚሰጠን እንከፍላለን» የሚል ማስታወቂያ። ሥራ ያጣ ወጣት ፊቱን ለትንሽ ብር ያከራያል። በዚያ አካውንት የሚያልፈው ሁሉ በእሱ ስም፣ በእሱ ፊት ነው የሚመዘገበው። ድርጅቶቹ መዝገቡን ለዓመታት የመያዝ ግዴታ አለባቸው፤ አሜሪካ 5 ዓመት። ነገ ቪዛ ሲጠይቅ ወይም ባንክ ሲሄድ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ልጆቻችሁን ንገሩ፤ የፋይዳ ኦቲፒም (በስልክ የሚመጣው የአንድ ጊዜ ኮድ) እንደዚያው ነው፣ ለማንም አይነገርም።

ጦሳ_ሥር (ደሴ)

እውነትዎን ነው ጋሼ፤ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ በቀን ስንት ጊዜ ይለጠፋል። ሱቃችን ፎቶ ኮፒ ለማስነሣት የሚመጣውን ፓስፖርትስ እንዴት እንጠብቅ?

ሐይቅ_ዳር (ሐይቅ)

ኮፒው ላይ ጽሑፍ አቋርጦ ይታተም፦ ለማን፣ ለምን፣ በምን ቀን። ፊቱንና ታችኛዎቹን ሁለት መስመሮች እንዳይሸፍን ብቻ። ስካን የተደረገው ፋይል ከሱቁ ኮምፒውተር ወዲያው ይጥፋ፣ ከመጣያውም ጭምር፤ ፍላሽ ላይ የቀረ ፓስፖርት ብዙ ቦታ ይዞራል።

ኮቦ_በር (ቆቦ)

እሺ፣ የመጨረሻ ጥያቄ። መታወቂያው አልፎ፣ ዶላሩ ከገባ በኋላ ማሽኑ ቢቆምስ?

የቦርከና_ልጅ (ኮምቦልቻ)

አብሽር፣ አብዛኛው ይፈታል፤ ማስረጃ ካለ። ከቦታው ሳይነሡ ስክሪኑን ፎቶ ማንሣት፣ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን መለያ ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ የገባውን መጠንና የተመዘገበበትን ስልክ መያዝ። ደረሰኝ ከወጣ ወዲያው ፎቶ ይነሣ፤ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ኪስ ውስጥ ይነጣል። ከዚያ ማሽኑ ላይ ወዳለው የድርጅቱ ስልክ መደወል ነው እንጂ ማሽኑ የተተከለበትን የነዳጅ ማደያ ሻጭ መጨቅጨቅ አይጠቅምም፤ እሱ ቦታ ያከራየ ነው፣ ቁልፉም የለው። ኮይኑ ተልኮ ከሆነ የዝውውር መለያ ይሰጣሉ፤ ያንን በማንኛውም የብሎክቼይን ማሳያ ላይ አስገብቶ ወዴት አድራሻ እንደሄደ ማየት ይቻላል። አድራሻው ልክ ሆኖ «ያልጸደቀ» ካለ መጠበቅ ነው። አድራሻው ሌላ ከሆነ ግን ድርጅቱም መልሶ ሊያመጣው አይችልም፤ ለፖሊስ ለማመልከት ያንኑ መለያ ይዞ መሄድ ነው።

በዚህ መሐል «የቢትኮይን ኤቲኤም ድጋፍ ሰጪ ነኝ» ብሎ በቴሌግራም የሚጽፍ ከመጣ ብሎክ። ድርጅቱ ዋሌቱን የሚከፍቱትን የምስጢር ቃላት በጭራሽ አይጠይቅም፤ 12ም ይሁኑ 24።